ደብሪቱ የተኳለችበት ቀን

ደብሪቱ ኩል ተኳለች ሲባል ክው ያላለ የሰፈራችን ሰው አልነበረም። ኩሉን ከገበያ ያመጣሁላት እኔ፣ የኳልኳትም እኔ፤ እንዲያም ሆኖ ጨርሼ ፊቷን ወደ ብርሃን ሳዞረው እኔ ራሴ ደነገጥኩ።

«ምነው? አስጠላሁ?» አለችኝ።

«ኧረ አምሮብሻል እትዬ ደብሪቱ! ብቻ ሌላ ሰው መሰልሽብኝ።»

«እሱን አይደል የፈለግሁት» አለችና ጸጉሯን ዳሰሰች። ሹሩባውንም የሠራኋት እኔ ነኝ፤ ጠዋት ልጄን ጡት አስይዤ፣ እሷን ጉልበቴ ሥር አስቀምጬ ነው የጎነጎንኳት። ከስንት ዘመን በኋላ እንደሆነ ብጠይቃት «ተይው፣ ጸጉሬም ረስቶታል» አለችኝ።

ቆቦ ውስጥ ደብሪቱን የማያውቅ የለም፤ በደስታው ቀን የሚያውቃት ግን አንድም ሰው የለም። ደብሪቱ አልቃሽ ናት። ሰው ሲሞት ሙሾ የምታወርደው እሷ ናት። ሥራዋን ደግሞ እንዲሁ ዘላ አትገባበትም። ሊጠራት የመጣውን ሰው በር ላይ አቁማ መጀመሪያ የምትጠይቀው «የማን ልጅ ነው?» ብላ ነው። ከዚያ አገሩን ትጠይቃለች፤ እርሻው በየት በኩል እንደሆነ፣ በሬውን ማን ብሎ እንደሚጠራው፣ ምን ሲሉት እንደሚስቅ ትጠይቃለች። «ሰውየውን ሳላውቀው ምኑን ነው የማለቅሰው? ባዶ ጋን መምታት ነው» ትላለች። ጠይቃ ስትጨርስ ጸጉሯን ትበትናለች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ትለብሳለች፣ መቀነቷን ታጠብቃለች፣ ትሄዳለች። ስለዚህ በእኛ ሰፈር የደብሪቱ በር ሲንኳኳ ሴቱ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይወጣል። «ማነው? ማነው?» ይባላል። በሯን ለሌላ ጉዳይ የሚያንኳኳ ከእኔ በቀር አልነበረም።

የዋጃ ልጅ ናት። ወጣት ሳለች የሠርግ ዘፋኝ ነበረች፤ የዚያ አካባቢ ሙሽራ በእሷ ድምፅ ነው የሚሸኘው ይላሉ። ኋላ ባሏን የክረምት ጎርፍ ወሰደባት። እንግዲህ መዘዙ የዚያን ለታ ያለቀሰችው ለቅሶ ነው። የሰማ ሰው ሁሉ ለራሱ ሟች ደግሞ ፈለጋት። አንዱ ጠራት፣ ሌላው ጠራት፣ በዚያው ቀረች። ለሠርግ የሚጠራት ጠፋ። አንድ ልጇን ሮቢት ስትድር፣ እናት ናትና ልቧ ሞልቶ ድምጿን ከፍ ብታደርግ፣ የሙሽራው እናት እጇን ለቀም አድርጋ «እኅቴ፣ በሞቴ፣ አንቺ ዝም በይልኝ! ልጄን አታሟርቺብኝ!» አለቻት። ደብሪቱ በገዛ ልጇ ሠርግ አፏን በነጠላዋ ይዛ ዋለች።

ይህን የነገረችኝ ልጄን አዝላ ልታስተኛልኝ ስትወዘወዝ ነው። ድምፅ አታሰማም፤ ዝም ብላ ትወዘወዛለች።

«ምነው እሹሩሩ አትይለትም?» ብላት፣

«እናቱ እየሰማሽ? አትፈሪም?» አለችኝ።

«ምን ያስፈራኛል? ይተኛልኝ እንጂ!»

ዘፈነችለት። ያን ቀን ልጄ ተኛ፤ እኔ ነኝ መተኛት ያቃተኝ። እንዲህ ያለ ድምፅ በሬሳ ላይ ብቻ ሲያልቅ ያሳዝናል፤ አንድ ነገር መደረግ አለበት አልኩ።

ጊዜው ሁለት ሺህ ሦስት ነው፤ ባጃጅ ከተማችንን መሙላት በጀመረበት ሰሞን። የወጣቶች የኪነት ክበብ ሙዚቃዊ ድራማ ሊያሳይ ነውና ተዋንያን ይፈልጋል፣ መወዳደር የሚሻ ሁሉ በገበያ ቀን ከምሳ በኋላ አዳራሽ ይምጣ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ታሪኩ በድብቅ ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር ሊገባ ሲል ስለሚሞት ወጣት ነው። የወጣቱ እናት መጀመሪያ ላይ ምራቷን በዘፈን ትቀበላለች፤ መጨረሻ ላይ ልጇን ታለቅሳለች። አንብቤ ስጨርስላት ደብሪቱ «የመጀመሪያውን እስቲ ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት።

«ምራቷን በዘፈን ትቀበላለች? ሰው እየሰማ?»

«አዳራሽ ሙሉ ሰው እየሰማ።»

«ለቅሶውን ግን ማስቀረት አይቻልም?» አለች።

«አይቻልም፣ አንድ ላይ ነው።»

«ይሁን። አንዴ በደስታ ይስሙኝና ከዚያ ይቅበሩኝ» አለች። ከተማው በለቅሶ የሚያውቀውን ድምፅ አንድ ቀን በእልልታ እንዲቀበልላት ነው የፈለገችው። ኩሉም ሹሩባውም የመጣው ከዚህ ነው።

አዳራሹ ከገበያው ጀርባ ነው። መስኮቱ መስታወት የለውም፤ ከውጭ የሽንኩርት ሻጩ ጥሪ፣ የአህያው ጩኸት፣ ሁሉም ይገባል፤ ከውስጥም እንዲሁ ይወጣል። ፈታኞቹ ረዥም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፤ ድራማውን የጻፈው መምህር ረመዳን፣ የክበቡ ሰብሳቢ አሚና፣ ኪቦርድ የሚጫወቱት ጋሽ ሞላ። ልጄን አዝዬ ከደብሪቱ ኋላ ስገባ በወረፋ ላይ ያሉት ወጣቶች መንገድ ለቀቁልን። አንዷ ልጅ ጓደኛዋን ጎሸም አድርጋ «ማን ሞተ?» ስትል ሰማኋት።

ደብሪቱም ሰምታለች። ቀና ብላ አለፈች።

ረመዳን ተነሥቶ ወንበር ሰጣት። «እትዬ ደብሪቱ! ማንን ፈልገሽ ነው?»

«ልፈተን ነው የመጣሁት።»

ጋሽ ሞላ ጣታቸው ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ረመዳን እኔን አየኝ፤ እኔ ደግሞ ልጄን አየሁ። «ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው» አለ በመጨረሻ። «እንግዲህ ምራትሽ በር ላይ ደርሳለች እንበል። ከልብሽ ተቀበያት።»

ደብሪቱ መድረኩ ላይ ወጣች፤ እጇን ዘረጋች፤

«ነይ ግቢ ምራቴ ከጓዳ ከደጁ፣
ያንቺ ነው ከዛሬ ቤቱም ከነልጁ።»

ቃሉ ያሥቃል። ድምፁም ደስታ ነው፤ እንደ ልጃገረድ ድምፅ ነው ቅልል ብሎ የወጣው። እኔ ልጄን እያወዘወዝኩ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ። ወደ ፈታኞቹ ብዞር አሚና እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ትጠርጋለች። ጋሽ ሞላ አንገታቸውን ደፍተዋል። ከወረፋው ላይ የአንዱ ሲቃ ይሰማል። ደነገጥኩ። አጠገቤ ያለውን ልጅ «ምን ሆናችሁ?» ብለው «አያቴን ያለቀሰችለት እኮ እሷ ናት» አለኝ።

ደብሪቱ አቆመች። «አስከፋኋችሁ?»

«አይ፣ አይ» አለች አሚና። «የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ትዝ ብላኝ ነው። እኔ ነኝ ጥፋተኛ፣ አንቺ አይደለሽም።» ከዚያ ወደ ረመዳን ጠጋ ብላ፣ ግን እንዲሰማ አድርጋ፣ «ድምፅስ እንዲህ ያለ አልሰማሁም፤ ግን ሠርጉ ላይ ተመልካች ሁሉ ካለቀሰ ምን ይውጠናል?» አለችው።

የደብሪቱ ፊት ሲዳምን አየሁ። ረመዳን ቶሎ ብሎ «ሁለተኛውንም እንስማ፣ ከዚያ እንወስናለን» አለ። «ልጅሽ ባሕር ላይ ሞቷል። ሬሳው የለም፤ ግን መድረኩ ላይ ሰዉ እንዲገባው አንድ ሰው እናስተኛለን። ሄኖክ! ና እስቲ ሙትልን።»

ሄኖክ ባጃጅ ነጂ ነው፤ እሱም ሊፈተን የመጣ። እየሳቀ ጠረጴዛው ላይ ተጋደመና ጋቢ አለበሱት።

«ጀምሪ እትዬ።»

ደብሪቱ አልጀመረችም። «የማን ልጅ ነው?»

«ማን?»

«ሟቹ።»

«ድራማ ነው እኮ። አባት አልጻፍኩለትም።»

«አባት የሌለውን እንዴት አድርጌ ነው የማለቅሰው? አገሩስ?»

«በቃ... ማንኛውም አገር በይው።»

«ማንኛውም የሚባል አገር አላውቅም» አለች ደብሪቱ። ወረፋው ላይ ሳቅ ተነሣ። «አትሣቁ! ምን ይዘራ ነበር? ወንጭፍ ያውቃል? ረመዳን፣ ስትጽፈው ምን ነበር የምታስበው?»

ረመዳን ራሱን አከከ። ይሄኔ ሬሳው ከነጋቢው ቁጭ አለ። «እትዬ ደብሪቱ፣ የኔን አባት ውሰጂው ችግር የለም! የካሳ ልጅ ነኝ። ወንጭፍም አውቃለሁ፣ ማሽላ ጠብቄ ነው ያደግሁት።»

«የካሳ? አባትህን ያለቀስኩለት እኔ ነኝ እኮ!» እጇን አራገበች። «አይሆንም። በቁሙ ባለ ሰው ላይ አይለቀስም።»

«እኔ እንደሆነ አልሞትም፣ ባጃጁን ማን ይነዳል?»

ሰው ሳቀ፤ ረመዳን «እባክሽ፣ ለፈተናው ብቻ» አለ፤ ደብሪቱም እንደማመንታት ብላ «ስሙን አልጠራም» አለች። «ስሙን ከጠራሁ ነውር ነው። የካሳ ልጅ ብቻ ነው የምለው።» እኔም አዳራሽ ውስጥ ያለውም ሰው ሁሉ ይህ ጥንቃቄ መስሎን ነበር።

ሄኖክ ተመልሶ ተጋደመ። ደብሪቱ ዓይኗን ጨፈነች።

«የካሳ ልጅ ሄደ ጨው ውሃ ሊሻገር፣
አሸዋ ለበሰ በማያውቀው አገር።»

ሣቁ የት እንደ ገባ እንጃ። እውነት እላችኋለሁ፣ ከደረቷ ሳይሆን ከመሬት ሥር የሚመጣ ነው የሚመስለው። ልጄ ጀርባዬ ላይ ባነነና ማልቀስ ጀመረ።

«ማሽላው አሸተ፣ ወፉ መጣ ጎርፎ፣
የካሳ ልጅ የት ነው? ማን ይምታው ወንጭፎ?»

መጀመሪያ የገባኝ ገበያው ዝም ማለቱ ነው። የሽንኩርት ሻጩ ጩኸት ቆሟል፤ አህያው እንኳ ዝም ያለ መሰለኝ። ቀጥሎ የሩጫ ኮቴ። ቀጥሎ «ወየው! የካሳ ልጅ! የትኛው?» የሚል ድምፅ። በሩ ብርግድ ሲል የገበያ ሴት ሁሉ ነጠላውን እየዘቀዘቀ ግር ብሎ ገባ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። ቲማቲም የምትሸጠው ሀሊሜ «ኢና ሊላሂ» እያለች ደረቷን ይዛለች። ለካ ቆቦ የደብሪቱን ድምፅ ሰምቶ ድራማ ነው ብሎ የሚያስብ ጆሮ የለውም።

ረመዳን «ኧረ ቆይ! ኧረ ቆይ!» እያለ ከጠረጴዛው ኋላ ሲወጣ ሄኖክ ሁካታውን ሰምቶ ጋቢውን ገፎ ተነሣ።

ሞቶ የተነሣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እነዚያ ሴቶች አዩ። ፊት የነበሩት ወደ ኋላ፣ ኋላ የነበሩት ወደ ፊት ሲጋፉ በሩ ላይ ተላተሙ። አንዷ «ማርያም! ማርያም!» እያለች በመስኮት ልትወጣ አንድ እግሯን አንሥታ ቀረች። ሄኖክ ራሱ ከእነሱ ብሶ ደንግጦ ጋቢውን መልሶ ሊለብስ ይታገላል።

በዚህ መሐል ሰዉን በክንዷ እየከፈለች አንዲት ሴት ገባች። እትዬ ቆንጅት ናት፣ የሄኖክ እናት። እጇ ላይ የሽንኩርት ገለፈት አለ፤ ሻሿ ወድቋል። ሄኖክ ከጠረጴዛው ዘሎ ሮጠላት። «እማ! አለሁ! እዪኝ፣ አለሁ! ድራማ ነው!»

እጁን በጥፊ ከላይዋ ላይ አነሣችው።

«አንተማ አለህ! አላምረውስ?»

አላምረው ታላቅየው ልጇ ነው። ሁመራ፣ ሰሊጥ አጨዳ ሄዷል ነበር የምትለን። የሄኖክን ፊት ሳየው ግን ደሙ ከፊቱ እልም ብሏል። ያኔ ነው የገባኝ። አላምረው ሁመራ አይደለም። ባሕሩ ላይ ነው፣ ወይም ወደ ባሕሩ መንገድ ላይ ነው። እናትየው ልጇ እስኪደርስ ብላ ከመላው ከተማ ደብቃው ነበር። ከካሳ ሁለት ልጆች ደብሪቱ ስም ሳትጠራ ያለቀሰችው ያልታሰበው ላይ ወደቀ።

«ማን ደወለላችሁ? ኦቦክ ወደብ ነው? ጀልባው ነው?» እትዬ ቆንጅት ፈታኞቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«እትዬ ቆንጅት፣ ወላሂ ድራማ ነው!» አለ ረመዳን።

«ለመርዶ የማይማልበት መቼ ነው? የአባቱን ለታስ 'ትንሽ አሞታል' ብላችሁ አይደል ከሮቢት ያመጣችሁኝ? ይኸው ሰው ሰብስባችኋል፤ ይኸው የተማረ ሰው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችኋል፤ ይኸው አልቃሽ አምጥታችኋል! ልጄንም አስተኝታችሁ ልታለማምዱኝ ነው? ንገሩኝ በቃ!»

ረመዳን ወረቀቱን አንሥቶ ዘረጋላት። «ተመልከቺ፣ ተጽፏል፣ የኔ ድርሰት ነው!»

«ጭራሽ ጽፋችሁታል!» ብላ ጮኸች።

አሚና ስትምል ባሰባት። ጋሽ ሞላ ሽማግሌ ናቸውና ሲያባብሏት ይባስ አመነች። የገበያው ሰው ደግሞ ማንን ማመን እንዳለበት ግራ ገብቶት አንዳንዱ ማልቀስ ጀምሯል፤ እዚያ ቆሜ እኔ ራሴ አላምረው በእርግጥ ሞቶ እንዳይሆን፣ ከእኔ የደበቁት ነገር እንዳይኖር ተጠራጠርኩ።

ደብሪቱ እስከዚህ ድረስ መድረኩ ላይ እንደ ቆመች አፏን በእጇ ይዛ ነበር። ወረደች። መጥታ እትዬ ቆንጅት እግር ሥር ተንበረከከች። እትዬ ቆንጅት አገጯን በሁለት እጇ ይዛ ፊቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው።

«ፊትሽ ምን ሆኖ ነው?» አለች።

በደብሪቱ ጉንጭ ላይ ጥቁር እንባ ወርዷል።

«ኩል ነው» አለች ደብሪቱ።

«ኩል?»

«ተኩዬ ነው የመጣሁት።»

እትዬ ቆንጅት የደብሪቱን ነጠላ ከራሷ ላይ ገፋ አደረገችው። ሹሩባውን በጣቷ ተከተለችው፣ ከግንባር እስከ ማጅራት። «ለካሳ ጊዜ ጸጉርሽ እንዴት ነበር?»

«ተበትኖ።»

«ነጠላሽስ?»

«ተዘቅዝቆ።»

«ለልጄ ለቅሶ ብትመጪ...»

«እንኳን ላንቺ ልጅ» አለች ደብሪቱ፣ «ለጠላቴም ተኩዬ አልቅሼ አላውቅም። ዘፈን ልዘፍን ነው የመጣሁት ቆንጅት። ሙሽራ ልቀበል ነው የተኳልኩት።»

ያን ሁሉ መሐላ ያላመነች ሴት ይህን አመነች። ሄኖክ ደግፎ አስቀመጣት። ሰዉ «ተመስገን» አለ፤ ሀሊሜ «አልሐምዱሊላህ» አለች። እኛም አበቃ ብለን ስንተነፍስ እትዬ ቆንጅት ጣቷን ቀሰረች።

«መልሺው።»

«ምኑን?»

«ያወጣሽውን። በዚያው ባወጣሽው አፍ መልሺው። የልጄ ሙሾ ገበያ መሐል ቀርቶ እኔ ቤቴ አልገባም!»

ደብሪቱ ወደ ኋላ አለች። «የኔ ድምፅ ለደስታ አይሆንም። አሁንም እዚሁ...»

«ታዲያ ማን ሊመልሰው ነው? ሙሾውን ያወጣ ሌላ ሰው አለ? አንቺ ነሽ የምትመልሺው!»

ደብሪቱ ተነሣች። ጨርሳ አታውቀውም አላምረውን፤ እና ልማዷ ነውና ጠየቀች። «ምን ሲሉት ነው የሚስቅ?»

እትዬ ቆንጅት ጥያቄውን አልጠበቀችውም። «ስሙን ትቼ ስጠራው» አለች፣ ከእንባዋ ጋር እየሳቀች። «በኩሬ ስለው ነው የሚስቅ።»

«በሩን ክፈችለት፣ ቄጠማው ይነስነስ፣
የቆንጅት የበኩር እስኪመጣ ድረስ።»

ያው ድምፅ ነው። ቅድም አሚናን ያስለቀሰው፣ ሮቢት ላይ ዝም በይ የተባለው፣ ያው ነው። ማን እልል እንደሚል ሁሉም ሁሉንም ያያል። መጀመሪያ እልል ያለችው እትዬ ቆንጅት ናት፤ የተሰባበረ፣ መሐል ላይ የተቆረጠ እልልታ። ከዚያ ሀሊሜ። ከዚያ ሴቱ ሁሉ ዘቅዝቆ የለበሰውን ነጠላ እያዞረ እየለበሰ እልል! ጋሽ ሞላ ዜማውን በኪቦርዱ ያዙት። ለመቅበር የመጣ ሰው እያጨበጨበ ወጣ።

በዚያ ቀን ሌላ ሰው አልተፈተነም። ረመዳን ወረቀቱን ሰብስቦ «የእናትየው ቦታ ያንቺ ነው፤ ለቅሶውን ግን አወጣዋለሁ፤ ልጁ ይመለስ» አላት። እኔ እልል ልል ስል ደብሪቱ ራሷን ነቀነቀች።

«የአላምረው ወሬ ሳይመጣ አልዘፍንም» አለች። «ክፉ ከመጣ አፌ ነው የገደለው። ያን ጊዜ ዘፈን አይደለም፣ እሹሩሩም ከአፌ አይወጣም።»

ሰነበትን። ልምምዱ ያለ እናትየው ቀጠለ። ደብሪቱ ለለቅሶም ቢጠሯት «አሞኛል» ትላለች። ሹሩባዋን አልፈታችውም፣ አላሠራችውምም፤ እንዲሁ ተጨፍርሮ ተቀመጠ። ገበያ ስሄድ እትዬ ቆንጅት ሽንኩርቷን ትመዝናለች፣ ስልኳ ጉያዋ ውስጥ ነው። «ደህና ዋልሽ?» እላታለሁ፣ «ደህና» ትለኛለች፤ ከዚያ ያለፈ አንጠያየቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ልብስ ሳጥብ የባጃጅ ድምፅ መጣና የደብሪቱ በር ላይ ቆመ። ሄኖክ ወረደ። እየሮጠ ነው። በሯን አንኳኳ።

ልብሱ ከእጄ ወደቀ። በየግቢው ሴቱ ወጣ፤ ዛሬ ግን «ማነው?» ያለ የለም። ሁሉም ያውቃል። የካሳ ልጅ የደብሪቱን በር አንኳኳ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ቆቦ ውስጥ አይኖርም። ደብሪቱ በሩን ከፈተች፤ አየችው፤ ምንም አልጠየቀችም። «የማን ልጅ ነው» እንኳ አላለችም። እጇን ወደ ራሷ ሰደደችና ሹሩባዋን መፍታት ጀመረች።

«እማ ልካኝ ነው» አለ ሄኖክ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«አውቄያለሁ ልጄ» አለች፣ እየፈታች።

«'ኩልሽን ተኩለሽ ነይ' ብላሻለች።»

እጇ ጸጉሯ ላይ ቆመ። ማናችንም አልገባንም። እኔ ነኝ «ምን?» ብዬ የጮኽኩት።

«ደወለ! አላምረው ደወለ! ኦቦክ ነው፣ አልተሻገረም! የኛ አገር ልጆች በስልክ ሰምተው 'ቆቦ ላይ ሙሾ ወርዶልሃል' አሉት። 'የተለቀሰለት ሰው ይዘን ጀልባ ላይ አንወጣም' ብለው ጥለውት ሄዱ። ሲሰድባችሁ ነበር፣ ረመዳንንም አንቺንም! ብሩ አልቆበት ሊመለስ ነው፤ በመኪና ነው የሚመጣው!»

ደብሪቱ ደጃፏ ላይ፣ አፈሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እኛም ከቆምንበት አልተነቃነቅንም፤ እልል ለማለት እንኳ ድንጋጤው አልለቀቀንም። ግማሽ ጸጉሯ ተፈትቶ ግማሹ እንደ ተጎነጎነ ሄኖክን ታየዋለች።

«ሲሰድበኝ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«በጣም!»

«እሰይ» አለች። «እሰይ፣ የኔ በኩር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ፍሬ፣ ምን ትገተሪያለሽ? ኩሉን የት ነው ያስቀመጥሽው?»

ሮጬ ገብቼ አመጣሁት። እጄ የሳሙና አረፋ ነው። አገጯን ይዤ ወደ ብርሃን አዞርኳት፤ እሷ ደግሞ ከወዲሁ፣ በጎረቤቱ ሁሉ ፊት፣ ዜማውን በለሆሳስ ጀምራለች።

«ዝም በይ እትዬ ደብሪቱ፣ ዓይንሽን እንዳላጠፋው!» አልኳት።

«አንቺ ኳይ» አለችኝ። «ዝምስ አልልም።»